በጾም ላይ የነበረው ባትሪና ያልጾመው ቻርጀር

የምስክርነት ቃል

የምስክር ስም፦ ሳያት ሚኪያስ
ዕድሜ፦ 16 ዓመት
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ዴን ሃግ፣ ስኪልደርስዋይክ፣ ሁለተኛ ፎቅ
አብረው የተገኙ፦ የምስክሯ እናት ወ/ሮ እናትነሽ
ቃሉን የተቀበለችው፦ መርማሪ ሐምራዊት ወርቅአፈራሁ፣ አማርኛ ተናጋሪ በመሆኗ ከአምስተርዳም የተላከች
ቀን፦ ረቡዕ ማርች 25 ቀን 2026 (መጋቢት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.)፣ 15፡30
ጉዳዩ፦ ዓርብ ማርች 13 ቀን በሕንፃው ምድር ቤት ስለተነሳው እሳት
በዚህ ቃል ውስጥ ያሉት ሰዓቶች በሆላንድ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ቃሌን የምሰጠው በራሴ ፈቃድ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም ሦስት ሽማግሌዎች እንዳልሰጥ ለምነውኛል። ደቼ ከአማርኛዬ ይሻላል። ቃሌ በአማርኛ እንዲጻፍ የጠየቅኩት ግን ጎረቤታችን ጋሼ አድማሴ ራሳቸው እንዲሰሙት ስለምፈልግ ነው። በደች ከተጻፈ የምተረጉምላቸው እኔው ነኝ። በሕንፃችን ከሐኪም፣ ከማዘጋጃ ቤትና ከግብር የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የምተረጉመው እኔ ስሆን፣ ስተረጉም እንደማሳጥር ሁሉም ያውቃል። አንድ ቀን የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ሽባባው ስለ ጉልበታቸው ለሐኪም ሩብ ሰዓት ያህል ተናግረው ሲጨርሱ «ጉልበቱን ያመዋል» ብዬ አስረድቻለሁ። ሐኪሙም አልተቃወመም።

መርማሪዋ የምናገረው በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችልና ዝም የማለት መብት እንዳለኝ ነግራኛለች። ገብቶኛል። ዝም ማለቱን ላለፉት አሥራ ሁለት ቀናት በደንብ ተጠቅሜበታለሁ። ጋሼ አድማሴንም ፊት ለፊት «አንተ» እያልኩ እንደማናግራቸው ይታወቅ፤ እዚህ ያደግን ልጆች ሁላችንም እንዲሁ ነን። በዚህ ጽሑፍ ላይ «እሳቸው» ያለችው መርማሪዋ ናት። ጥሩ አድርጋለች፣ አይነካ።

ጋሼ አድማሴ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ሲሆኑ በሕንፃችን አንደኛ ፎቅ ለሃያ አንድ ዓመት ብቻቸውን ኖረዋል። አገር ቤት በቴሌ የባትሪ ክፍል ይሠሩ ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ካለፈው ኦክቶበር ጀምሮ ሮተርዳም ወደብ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ አዲስ ዓይነት ባትሪ ለሙከራ ለአሥራ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ሲያድል አንዱን ለእሳቸው ሰጥቷል። ባትሪውን የጭነት ብስክሌታቸው ላይ፣ ማለት ባክፊትሱ ላይ፣ ገጥመው ከትራንስቫል ገበያ ለሕንፃው አሮጊቶች ሽንኩርትና ቲማቲም ያመላልሱበታል። ባትሪው የሊቲየም ሳይሆን የሶዲየም ነው። ሶዲየም ማለት በጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ እንደ ሊቲየም ከተወሰነ አገር አይለመንም፣ የትም ይገኛል። ባትሪው በክብደት ከሊቲየሙ ይብሳል፤ ብርድ ግን ይችላል። በጃንዋሪ ውርጭ የእኔ ፋትባይክ፣ ጎማው ወፍራም የኤሌክትሪክ ብስክሌቴ፣ ድልድይ ላይ ሲሞትብኝ ጋሼ አድማሴ ሁለት ጆንያ ድንች ጭነው በአጠገቤ አልፈዋል። ሰላምታም ሰጥተውኛል፤ ያ ነው ያናደደኝ።

ይህን ያህል የማውቀው ስለጠየቅኩ አይደለም። ጋሼ አድማሴን ሰዓት ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ስለ ባትሪ ሳይማር አይሄድም። አቶ ሽባባው ግን ከተማሩ በኋላም ባክፊትሱ ላይ ለመቀመጥ ፈቃደኛ አልሆኑም። ምክንያታቸው የደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪም ከጨው ራቅ ብሏቸዋል የሚል ነው። ይህን ያሉት ሲቀልዱ አልነበረም። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ስላየሁት ጠጣር ባትሪ፣ ውስጡ ፈሳሽ ስለሌለውና ከሁሉም ይበልጣል ስለሚባለው፣ ለምን ያንን እንዳልወሰዱ ስጠይቃቸው «እሱ እንደ ሽባባው ነው፤ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነኝ ይላል» ብለውኛል።

ለጉዳዩ ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። የሊቲየም ባትሪ ፈጽሞ ባዶ ከሆነ በውስጡ ያለው መዳብ ስለሚሟሟ ይበላሻል፤ ስለዚህ ተቀምጦም ቢሆን ምንጊዜም ጥቂት ኃይል ይዞ ነው። የሶዲየሙ ግን በሁለቱም በኩል አሉሚኒየም ስለሆነ እስከ ዜሮ ቢራገፍ አይጎዳም። ጋሼ አድማሴ በቴሌ እያሉ ባትሪ ላይ የወደቀ መፍቻ የባልደረባቸውን እጅ ሲያቃጥል ስላዩ፣ ኃይል ያለበትን ባትሪ ብቻውን ትተው ከቤት ርቀው አይሄዱም። ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱበት ዋዜማ ማታ ባትሪውን ከመኪና የፊት መብራት አምፖል ጋር ያገናኙታል፤ አምፖሉ ሲያበራ አድሮ ይጠፋል። ጠዋት በቴስተር ይለኩና፣ ደብተር ላይ ይጽፉና፣ ኃይል ተመልሶ እንዳይነሳበት ሁለቱን ጫፎች በቀይ ሽቦ አስረው ይሄዳሉ።

ዓርብ ማርች 13 ቀን 11፡15 ላይ ይህንኑ ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ነበረብኝ። (የምስክሯ እናት በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገብተው በጉዳዩ ላይ ቤት እንደሚነጋገሩ ገልጸዋል።) ቦታው ምድር ቤት ያለው የእሳቸው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል፣ በርኺንጋቸው ነው። እኔም ብስክሌቴን የማሳድረው እዚያው ነው፤ ሶኬት ያለው የእሳቸው ክፍል ብቻ ሲሆን ቁልፉን ራሳቸው ሰጥተውኛል። ደብተሩ ላይ ዜሮ ብለው ሲጽፉ ባትሪውም ዓቢይ ጾምን ይጾማል ወይ ብዬ ቀለድኩባቸው። እሳቸውም «ከአንቺ ይሻላል። ሲጾም የፍሪካንደል ቋሊማ ደብቆ አይበላም» አሉኝ። (የምስክሯ እናት በድጋሚ ጣልቃ ገብተዋል።) ከዚያ ነጠላቸውን ለብሰው በትራም ወደ ባቡር ጣቢያ ሄዱ።

ስለ እኔ ባትሪ ደግሞ እንዲህ ነው። ፋትባይኬ ላይ ያለውን የሊቲየም ባትሪ ኤሊ ከሚባል የትምህርት ቤት ልጅ በታብሌቴ ለውጬ ነው ያገኘሁት። ሽፋኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ጎኑም አብጦ ነበር። እናቴ ቤት ውስጥ ቻርጅ እንዳላደርገው ከልክላኛለች። ጋሼ አድማሴ ደግሞ ከወር በፊት አይተውት የትም ቻርጅ እንዳላደርገው፣ ወስጄ ለሚሰበስቡት እንዳስረክብ ነግረውኛል። ያሉትን ቃል አስታውሳለሁ፦ «ያበጠ ባትሪ እንደ አኮረፈ ሰው ነው፤ ምን እንደሚያደርግ እሱ ራሱም አያውቅም።» እኔም የሬዲዮ ዘመን ሰው ነህ ብያቸው ስቄ ሄድኩ።

በዚያው ዓርብ 15፡05 ላይ ወርጄ ባትሪዬን እሳቸው ሶኬት ላይ ሰካሁት። የራሴ ቻርጀር ስለተበላሸ ከጓደኛዬ የሌላ ብስክሌት ቻርጀር ተውሼ ነበር። ጫፉ ገባ። ገባ ማለት ይሆናል ማለት መሰለኝ። ቮልቱን አላየሁም። ባትሪዬን የእሳቸው ጠረጴዛ ሥር አስቀምጬ፣ ቆልፌ፣ ወደ ላይ ወጣሁ።

16፡35 አካባቢ ብስክሌቴን ላወጣ ስወርድ ከበሩ ሥር ነጭ ጭስ ሲወጣ አየሁ። ልክ እንደ ድመት እፍ የሚል ድምፅም ነበር። በሩን ከፈትኩት። እውነቱን ለመናገር ያሰብኩት ስለ ሕንፃው ሳይሆን ስለ ብስክሌቴ ነው። አንድ እግሬን እንዳስገባሁ የሹራቤ ቆብ ወደ ኋላ ጎተተኝና ኮሪደሩ ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ። የጎተቱኝ ጋሼ አድማሴ ናቸው። ከሮተርዳም በዚያው ቅጽበት መድረሳቸው ነበር። ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ተመለከቱ፤ ጠረጴዛው ሥር የተሰካውን ያዩት ያኔ ነው። ከዚያ የብረቱን በር ዘጉት። ከመዘጋቱ የባትሪዬ ሴሎች እንደ ፈንድሻ ይፈነዱ ጀመር፤ አንዱ በሩን ከውስጥ መትቶ አጎደጎደው። የጎደጎደው ቦታ ዛሬም አለ። ቁመቴን ለክቼበታለሁ፤ አገጬ ጋ ነው።

ጋሼ አድማሴ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘውት የመጡትን ጸበል ነጠላቸው ላይ አፍስሰው የበሩን ሥር ደፈኑበት። እሳቱን ያቆመው ጸበሉ ነው ብለው አቶ ሽባባው እስከ ዛሬ ለሰው ይናገራሉ። እሳት አደጋዎቹ የተዘጋው በር ነው ብለዋል። እኔ ለሁለቱም አመሰግናለሁ፤ የምመርጥበት አቅም ላይ አይደለሁም። ከዚያ ደወሉን ተጭነን የስምንቱን ቤት በር አንኳኳን። ሦስተኛ ፎቅ ወ/ሮ ጀውሃራ አሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ረመዳን ስለነበር ለማፍጠሪያ የሠሩትን ሾርባ ትቼ አልወርድም አሉ። ጭሱ ደረጃው ላይ ደርሶ ስለነበር ክርክሩ አላዋጣም፤ ሾርባውን ጋሼ አድማሴ ያዙ፣ ወ/ሮ ጀውሃራን እኔ ደገፍኩ። ማንም አልተጎዳም።

በዚያ ዕለት በሕንፃው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾመኛ ነበር። የጋሼ አድማሴ ባትሪም ባዶ ነበር። ያልጾምነው እኔና ቻርጀሩ ብቻ ነን።

18፡40 ካለፈ በኋላ ወ/ሮ ጀውሃራ እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጠው በቴምር አፈጠሩና ለእኛም አደሉን። ቤቱን ከሚያከራየው ማኅበር የመጣች ሴት በዚያን ጊዜ ወደ እኛ ቀርባ እሳቱ ከምን እንደተነሳ ጋሼ አድማሴን እንድጠይቅላት ነገረችኝ። ጠየቅኳቸው። የቴምሩን ፍሬ ከአፋቸው አውጥተው በእጃቸው ይዘው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «ከእኔ ባትሪ ነው የተነሳው በያት። ሌላ ነገር አትጨምሪ» አሉኝ።

እኔ፣ ሕይወቴን ሙሉ የሽማግሌ ንግግር ስቆርጥና ስቀጥል የኖርኩት፣ ያን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሴትየዋ ጻፈችው። ከዚያ ቴምር በላሁ።

እሑድ ማርች 15 ቀን ሽማግሌዎች ዞተርሜር፣ አቶ ሽባባው ቤት ተሰበሰቡ። እኔና እናቴም ተጠራን። እናቴ እውነቱን ከጋሼ አድማሴ አፍ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ አርባ ደቂቃዎች ስለ መኪና ማቆሚያ ነበሩ። ቀጥሎ እሳት በእድሩ ደንብ ላይ አለ ወይ የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ የለም። በመጨረሻ አቶ ሽባባው ሽማግሌ ሲያጠፋ መንግሥት ይራራል፣ ልጅ ስታጠፋ ግን መዝገብ ይከፈትባታል፣ ስለዚህ የአድማሴ ቃል ይጽና ብለው ወሰኑ። እኔ ሐሳቤን አልተጠየቅኩም። እናቴ እንቢ ልትል ስትነሳ ጋሼ አድማሴ አስቀመጧት። «እሷ ገና ስሟን እየጻፈች ነው። እኔ ፈርሜ ጨርሻለሁ» አሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ የአቶ ሽባባውን ጉልበት፣ ያንኑ ሐኪም የሚያውቀውን ጉልበት፣ አስመው ዝም እንድል ቃል አስገቡኝ። ማክሰኞ ደግሞ ሦስት ሆነው ከረባት አስረው ጋሼ አድማሴንና ፖሊስን ሊያስታርቁ ወደዚህ ጣቢያ መጥተው ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ከመካከላችሁ ቀጠሮ ያለው ማን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ሦስቱም በየተራ ራሳቸውን አስተዋውቀዋል።

ዓርብ ማርች 20 ቀን ለጋሼ አድማሴ ደብዳቤ መጣ። እንዳነብላቸው ሰጡኝ። አንብቤ «ስብሰባ አለ» አልኳቸው። ሙሉውን እንዳነብ ጠየቁኝ። ሙሉው ማኅበሩ የኪራይ ውላቸውን ሊያቋርጥ እንዳሰበ፣ ሰኞ ማርች 30 ቀን ቀርበው የሚሉት ካለ እንዲሉ ነው። አመሰገኑኝና በእግራቸው ወደ ገበያ ሄዱ፤ ወ/ሮ ጀውሃራ ቲማቲም አዝዘዋቸው ነበር። በማግስቱ የአበባ ማሰሮዎቻቸውን ለወ/ሮ ጀውሃራ ሲሰጡ ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ለጊዜው ነው አሉኝ።

ትናንት ማርች 24 ቀን 16፡00 ላይ የሮተርዳሙ ወርክሾፕ መሐንዲስ ባትሪውን ልትወስድ መጣች። ሳጥኑ ከውጭ በሙቀት ቀልጧል። ውስጡን ስትከፍተው ሃያ አራቱም ሴሎች አብጠውም ቢሆን አልፈነዱም፤ ቀዩ ሽቦም እንደታሰረ ነበር። ለካቻቸው፤ ባዶ ናቸው። ባዶ የሆነ ባትሪ ከየት አምጥቶ እሳት እንዳስነሳ ጠየቀች። ምክንያቱ እስኪታወቅ የቀሩት አሥራ አንድ ሰዎች ባትሪም እንደሚሰበሰብና ሙከራው እንደሚቆም ነገረችን። ይህንንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አድማሴ ያንን ሳጥን እያዩ «አላውቅም በያት» አሉ። ጋሼ አድማሴ ስለ ባትሪ ተጠይቀው አላውቅም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው በእኔ ፋንታ ቤቱን ሲያጣ አሥራ አንድ ቀን ችዬ ኖሬያለሁ፤ ያን ቃል ግን መቻል አቃተኝ። ምንም ያላደረገው ባትሪ እንኳ በእኔ ምክንያት ስሙ ሊጠፋ ነው። ቃሌን ለመስጠት መወሰኔን ማታ ለእናቴ ነገርኳት፤ «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» ብላ ካፖርቷን በር ላይ ሰቀለችው።

ስለዚህ እሳቱ የተነሳው ከእኔ ባትሪ ነው። የሰካሁት እኔ ነኝ፤ የጋሼ አድማሴን ማስጠንቀቂያ ሰምቼ፣ እሳቸው በሌሉበት፣ ያለ ፈቃዳቸው። ለዚህም የተዋስኩት ቻርጀር ምን ዓይነት እንደነበር ጓደኛዬ የላከልኝን ፎቶግራፍና የጋሼ አድማሴን ደብተር ለመርማሪዋ አስረክቤያለሁ። ደብተሩን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነው ያገኘሁት፤ ሳላስፈቅድ ወስጄዋለሁና ይህም ይመዝገብብኝ።

ምስጋና የምስክርነት ቃል ውስጥ እንደማይገባ መርማሪዋ ነግራኛለች። ለምኜያት ፈቅዳለች። ጋሼ አድማሴን ስለ ሹራቤ ቆብ አመሰግናለሁ። ስለ አገጬ ማለቴ ነው፤ አሁን የምናገርበት ስለሆነ። ከእሳቱ በኋላ አንድም ቀን «ነግሬሽ አልነበረም» ስላላሉኝ አመሰግናለሁ፤ በሕንፃችን ይህን ማለት የማይወድ ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ናቸው። ወ/ሮ ጀውሃራን ስለ ቴምሩ አመሰግናለሁ። አቶ ሽባባውንም አመሰግናለሁ፤ ከዞተርሜር ሲሸኙን እናቴ አይታ እንዳታፍር ዞር ብለው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ጉልበታቸውን ስሜ የገባሁትን ቃል ስላፈረስኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሐኪም ቤት በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሩብ ሰዓቱን ሙሉ እተረጉማለሁ። ጋሼ አድማሴ ስሟን እየጻፈች ነው ብለዋል። ልክ ነው። እዚህ ልጽፈው ነው።

ከላይ ያለው ቃል እኔ እንደተናገርኩት ተጽፎ ተነብቦልኛል። የቀነስኩት የለም፤ የጨመርኩትም ቢኖር ቀልዱ ላይ እንጂ ነገሩ ላይ አይደለም። እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

ምስክር፦ ሳያት ሚኪያስ (ፊርማ)
የምስክሯ እናት፦ እናትነሽ (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለችው፦ መርማሪ ሐምራዊት ወርቅአፈራሁ (ፊርማ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አቶ አድማሴ ምስክሯ ቃሏን በምትሰጥበት ጊዜ ሳይጠሩ መጥተው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ነበር። በምስክሯ ጥያቄና በእናቷ ፈቃድ ቃሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦላቸዋል፤ ያነበበችው መርማሪዋ ናት። ሲነበብ አላቋረጡም። የሚያርሙት ነገር ካለ ሲጠየቁ «ዜሮ አይደለም፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ቮልት ነበር። ይህች ልጅ ታሳጥራለች» ብለዋል። ደብተሩ ሲታይ በማርች 13 ቀን ሥር 0.02 ተብሎ ተጽፏል። ሌላ የሚታረም እንደሌለ፣ ለማኅበሩ የሰጡትንም ቃል እንደሚያነሱ ገልጸው ፈርመዋል።

አድማሴ (ፊርማ)፣ 17፡50